ለጤና አዳሙ፣ ለሎሚውና ለሣሩ የገዛሁት የዊንተር ዕቃ፦ የቱ ዋጋውን ያወጣል የቱ አያወጣም

እዚህ ሜሪላንድ ኦክቶበር በገባ ቁጥር ሐበሻ ቡና ላይ ሲገናኝ "ጤና አዳሜን ምን ላድርገው" የሚል አይጠፋም፣ መልሱም ሁሌ ያው ነው፣ አስገቢው። ማስገባቱማ ማን ያቅተዋል፣ ጉዱ ያለው ከገባ በኋላ ነው እንጂ። መስኮት ስር ይቀመጥና የፈረንጁ ገና ሳይደርስ ቅጠሉ መርገፍ ይጀምራል፣ ጃንዋሪ ላይ እንጨቱ ብቻ ይቀራል፣ ከዛ ስፕሪንግ ሲመጣ እንደገና ቅንጣቢ ፍለጋ ከጓደኛ ጓደኛ መዞር ነው። እና ዘንድሮ ለዊንተር ብዬ የገዛሁትን ዕቃና ሣሩን እንዲሰሩልኝ የቀጠርኳቸውን ልጆች ልገምግምላችሁ፣ ከማንም ኮሚሽን አልበላም ሊንክም የለኝም።

ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው፣ ከፊት ትንሽ ሣር፣ ከኋላ ዴክ፣ ከዴኩ ወዲያ ሁለት መደብ ጎመን። ፖት ላይ ያሉት ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ሎሚ፣ አንድ የቡና ችግኝና ጌሾ ናቸው፣ በሶብላም ነበረ ግን እሱን ለማትረፍ አትልፉ፣ ዓመታዊ ተክል ነው፣ ዘሩን ሰብስባችሁ ቀሪውን አድርቁት በቃ። እኛ አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙ ጊዜ ኦክቶበር መጨረሻ ወይ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው የሚመጣው፣ ግን እነ ቡናና ኮሰረት ውርጭ እስኪመጣ አይጠበቁም፣ ሌሊቱ ወደ 50 ፋራናይት መውረድ ሲጀምር መግባት አለባቸው። ጌሾ ደገኛ ስለሆነ ትንሽ ቆየት ይላል።

መጀመሪያ ስለ መብራቱ ላውራ ምክንያቱም ገንዘቡም ጭቅጭቁም የበዛው እሱ ላይ ነው። ሰው የማያስበው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ተክሉን የሚገለው ብርዱ ብቻ አይደለም ጨለማውም ነው። አዲስ አበባ አጭሩ ቀን እንኳን ወደ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ እዚህ ዲሴምበር ላይ ግን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ እሱም ደመና ሆኖ፣ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ፣ በመስታወት አልፎ። እና ክፍሉ ለኛ ዓይን ብሩህ ቢመስልም ለተክሉ ጨለማ ነው።

ሁለት ዓይነት መብራት ገዛሁ። አንዱ ያ ሐምራዊ የሚያበራው፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በክሊፕ የሚያዝ፣ አራት አንገት ያለው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ሌላ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው እውነተኛ ፍጆታ ሌላ። ይሄ የአንድ ካምፓኒ ችግር አይደለም፣ የዚህ ገበያ ሁሉ አመል ነው፣ "የዚህን ያህል ዋት የሚተካ" እያሉ ትልቅ ቁጥር ይለጥፋሉ፣ እናንተ ማየት ያለባችሁ ከግድግዳ የሚስበውን ዋት ነው። የኔው ከአንድ ትንሽ አምፖል ብዙም አይበልጥም። ሳሎኑን የምሽት ክለብ አስመሰለው፣ እንግዳ ሲመጣ ማጥፋት፣ ከሄደ ማብራት፣ ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ በዛ ሐምራዊ ብርሃን ቅጠሉ ቢጫ ይሁን አረንጓዴ ማየት አይቻልም፣ ተባይ ቢወጣበትም አይታይም። አንገቶቹም ከጊዜ በኋላ ራሳቸውን መሸከም አቅቷቸው ዝቅ ዝቅ ይላሉ። ለአንዲት ትንሽ ፖት ይሆን ይሆናል፣ ለሎሚ ግን ቀልድ ነው።

ሁለተኛው የእርሻ መብራትም አይባልም፣ ጋራዥ ውስጥ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ባለ አራት ጫማ ነጭ ኤል ኢ ዲ ነው፣ ሾፕ ላይት የሚሉት። 5000 ኬልቪን የሚል ተጽፎበታል፣ ያ ማለት የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ ነው፣ ነጭ ብርሃን ውስጥ ደግሞ ተክል የሚፈልገው ሰማያዊም ቀይም አለ፣ ሐምራዊውን ለብቻው የግድ የሚያደርግ ነገር የለም። 40 ዋት ነው የሚበላው። በቀን 14 ሰዓት ቢበራ በወር 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ሃያ ሳንቲም ብትይዙት በወር ሦስት ዶላር ተኩል አይሞላም። ቤዝመንት ውስጥ ከመደርደሪያው በሰንሰለት አንጠልጥዬዋለሁ፣ ሰንሰለቱ ዋና ነገር ነው ምክንያቱም መብራቱ ከቅጠሉ አንድ ጫማ ያህል ካልቀረበ ዋጋ የለውም፣ ከራቀ ብርሃኑ ቶሎ ይደክማል፣ ጣሪያ ላይ ሰቅላችሁ መሬት ላይ ፖት ብታስቀምጡ መብራታችሁን ለሸረሪት ነው የምታበሩት። ከሱ ጋር ታይመር ግዙ፣ ርካሹ የሚሽከረከረው ይበቃል፣ ሌሊት መጥፋት አለበት ተክልም ያርፋል። ጤና አዳሙ በዚህ መብራት ስር አዲስ ቅጠል እያወጣ ነው፣ ኮሰረቱም እንደዛው፣ ቡናው ባለበት ነው ግን ቅጠሉ ያብረቀርቃል። ሎሚው መጀመሪያ ጥቂት ቅጠል ጣለ፣ ያ ያስደነግጣል ግን ከውጭ ወደ ቤት የገባ ሎሚ ብርሃን ሲቀንስበት ቅጠል መጣሉ ያለ ነገር ነው፣ ያን ጊዜ ደንግጣችሁ ውሃ አታብዙበት፣ ሰው ሎሚውን የሚገለው በዛ ሰዓት ነው። ከአምስት አምስት ነው የምሰጠው ለሾፕ ላይቱ፣ ሐምራዊው አንድ፣ እሱም ለክሊፑ።

እናቴ በቪዲዮ አይታው "ልጄ አሁን ጤና አዳም በኮረንቲ ይበቅላል ይባላል?" ብላ ስትስቅ ነበር፣ አዲስ አበባ ግቢዋ ውስጥ ማንም ሳይነካው እንደ አጥር ነው የቆመው።

ስለ ጤና አዳም አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ የፈረንጅ ችግኝ ሱቅ ሩ ብለው የሚሸጡት ከኛው ጋር ዘመድ እንጂ አንድ አይደለም። የነሱ ሩታ ግራቪዮለንስ የሚባለው ነው፣ ብርድ ይችላል፣ መሬት ላይ ከተተከለ የሜሪላንድን ዊንተር ውጭ ያልፋል። የኛው ሩታ ቻሌፔንሲስ ነው፣ አበባው ላይ ጠርዙ እንደ ዘርፍ የተቆራረጠ መሆኑ ይለየዋል፣ እሱ ነው ብርድ የሚፈራው። እና ጓደኛችሁ "እኔ ውጭ ትቼው ምንም አልሆነም" ካለቻችሁ መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ጠይቁ። ደግሞ ስትከረክሙት ጓንት አድርጉ፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ቡና ውስጥ ለሚገባ ነገር ማን ይጠረጥረዋል።

ቀጥሎ የተባይ መድኃኒት። ፖት ከውጭ ሲገባ ብቻውን አይገባም፣ ቅማሉም ሸረሪቷም ነጭ ዝንቧም አብረው ይገባሉ፣ ውጭ እያሉ ጠላት ነበራቸው፣ ቤት ውስጥ ግን ሙቀት አለ ዝናብ የለ የሚበላቸው የለ፣ ይራባሉ። ከመግባቱ በፊት በጎማ ውሃ ቅጠሉን ከታች በኩል በደንብ ማጠብ ነው የመጀመሪያው ሥራ፣ እሱ ነፃ ነው። ከዛ የገዛሁት ኢንሴክቲሳይዳል ሶፕ የሚባለውን፣ ተዘጋጅቶ በስፕሬይ ጠርሙስ የሚሸጠውን ነው። ወድጄዋለሁ ግን የሚሰራበትን መንገድ ካላወቃችሁ "አይሰራም" ትላላችሁ፣ የሚገለው የነካውን ብቻ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ምንም ኃይል የለውም፣ ስለዚህ የቅጠሉ ጀርባ እስኪንጠባጠብ መረጨት አለበት፣ እንቁላሉን ስለማይጨርስ ደግሞ በሳምንቱ መድገም ነው፣ ለሁለት ለሦስት ሳምንት። ሽታው ቀላል ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጦ መርጨት ያው ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም፣ ዲተርጀንት ቅጠል ያቃጥላል፣ ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ ኮሰረት ማጣት አያዋጣም።

አሁን ዋናውን ልናገር፣ ይሄን ለሐበሻ በተለይ ነው የምለው። እዛው ሱቅ እዛው መደርደሪያ ላይ አፈር ላይ የሚበተን ጠጠር ነገር ይሸጣል፣ ሲስተሚክ ይሉታል፣ አንዴ በትናችሁ ውሃ ካጠጣችሁ ሥሩ ይመጠውና መድኃኒቱ በግንዱ በቅጠሉ ውስጥ ይዞራል፣ ተባዩ ቅጠሉን ሲመጥ ይሞታል። ሻጩም "ምርጥ ነው፣ ለሁለት ወር አያስቸግርሽም" ይላችኋል፣ እውነቱን ነው፣ ግን እሱ ሃውስፕላንት ሲባል የሚያስበው ለዓይን ብቻ የሚቀመጥ ተክል ነው፣ ጤና አዳም ቡና ውስጥ እንደሚነከር ኮሰረት ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ከየት ያውቃል። ለጌጥ ተክል ተብሎ የተሰራው ጠርሙስ ጀርባ ላይ ለሚበላ ተክል እንዳትጠቀሙ የሚል አለ፣ ደቃቅ ቢሆንም አንብቡት፣ ቅጠሉን በማጠብ የሚወጣ ነገር አይደለም ውስጡ ነው ያለው። ለላስቲክ ዛፋችሁና ለኦርኪዳችሁ ከፈለጋችሁ ተጠቀሙ፣ እኔ ግን ልጆች ቅጠል እየቀነጠሱ የሚበሉበት ቤት ውስጥ አላስገባውም፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ አይደለም።

ፖቱ ላይ የሚበሩት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ግን ሌላ ናቸው፣ እነሱ ከእርጥብ አፈር ነው የሚወጡት፣ ሳሙናውም አይደርስባቸውም። ለነሱ ቢጫ የሚያጣብቅ ካርድና ለትንኝ ተብሎ የሚሸጠውን ክብ ደረቅ ቢስኩት የመሰለ ነገር ገዛሁ፣ እሱን ማጠጫ ውሃ ውስጥ ማሳደር ነው፣ ውስጡ ያለው ቢ ቲ አይ የሚባል ባክቴሪያ እጮቹን ይገላል ሰውና ተክል አይነካም። 1976 ላይ እስራኤል ነገብ በረሃ ውስጥ ነው የተገኘው። ሁለቱም ይሰራሉ፣ ርካሽ ናቸው፣ ግን አፈሩ ከላይ ሳይደርቅ የምታጠጡ ከሆነ ምንም አያግዛችሁም። ዊንተር ላይ ውሃ ቀንሱ፣ ማዳበሪያ እስከ ማርች ተዉት።

የማይረቡትን በፍጥነት ልለፋቸው። ቅጠል ማብረቅረቂያ ስፕሬይ፣ ገንዘብ ማቃጠል ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ይበልጠዋል። ቅጠል ላይ ውሃ ለመርጨት የሚሸጡት የናስ ጠርሙስ፣ ቆንጆ ነው፣ ለፎቶ ይሆናል፣ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃልና ለእርጥበት የሚያመጣው ነገር የለም። ሂተር ቤቱን ሲያደርቀው የምር የሚረዳው ትንሽ ሂዩሚዲፋየር ነው፣ እሱም ካለ፣ ከሌለ ፖቶቹን አጠጋግታችሁ ከሂተሩ አየር መውጫ አርቁ።

ወደ ውጭ ስንወጣ፣ ፍሮስት ክሎዝ የሚሉትን ነጭ ስስ ጨርቅ ለጎመኑ ገዛሁ። ሲነኩት የሆነ ርካሽ ነገር ይመስላል ግን ይሰራል፣ ብርሃንና ዝናብ ያስገባል፣ ሌሊት ላይ ደግሞ የመሬቱን ሙቀት ይይዛል፣ እንደ ውፍረቱ ጥቂት ዲግሪ ያተርፋል እንጂ ተአምር አይሰራም። ከታጠፈ የፕላስቲክ ቧንቧ ቅስት ሰርቶ በላዩ መዘርጋትና ጠርዙን በድንጋይ መያዝ ነው፣ ነፋስ ካገኘው ጎረቤት ግቢ ነው የምታገኙት። ፕላስቲክ ሸራ አትጠቀሙ፣ ቅጠሉን የነካበት ቦታ ይጠብሰዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ከውስጥ ይቀቅለዋል። እንደውም ለጎመን ትንሽ ውርጭ ጥሩ ነው፣ ብርድ ሲነካው ስኳር ስለሚያጠራቅም ይጣፍጣል፣ የኖቬምበር ጎመን ከኦገስቱ ጋር አይወዳደርም። ከጎኑ ነጭ ሽንኩርት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ተክዬ በደረቅ ቅጠል ሸፍኜዋለሁ፣ እሱ ብርድ ካላገኘ ራሱን አይከፋፍልም፣ ጁን መጨረሻ አካባቢ ይነቀላል።

የጥብስ ቅጠሉንም ዘንድሮ ከፖት አውጥቼ መሬት ላይ ተክዬዋለሁ፣ አርፕ የሚባለውን ዝርያ ስለገዛሁ ነው። ቤት ውስጥ የጥብስ ቅጠል አመለኛ ነው፣ ወይ ይደርቃል ወይ ነጭ ዱቄት ይይዘዋል፣ አርፕ ግን ብርድ በመቻል የታወቀ ነው፣ ውሃ የማይተኛበት ፀሐያማ ቦታ፣ ግድግዳ ጥግ ከሆነ የበለጠ ጥሩ። ዋጋው ከተራው ጥቂት ዶላር ይበልጣል፣ ይገባዋል። ባዶ የሸክላ ፖቶችን አራግፋችሁ አስገቡ፣ እርጥብ አፈር ውስጡ ሲበርድ ይሰነጥቀዋል። የውጭ ቧንቧ መሸፈኛ ፎም የሚሸጠውም አራት አምስት ዶላር ነው፣ ምንም አይልም፣ ግን ጎማውን ሳትነቅሉና ከውስጥ ያለውን ቫልቭ ሳትዘጉ እሱን ብቻ ብታለብሱት ቧንቧው ይፈነዳል፣ ፎሙ ተጨማሪ ነው።

አሁን ሣሩ። ለኤሬሽን፣ ማለት የጠጠረውን አፈር ለመብሳት፣ እና ለዘር አንድ የአካባቢ ካምፓኒ ቀጠርኩ፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ሥራቸው ግማሹ በጣም ጥሩ ግማሹ የሚያናድድ ነው። ጥሩውን ላስቀድም። ማሽኑ ትክክለኛው ነው፣ አፈሩን በትናንሽ ጥቅል ነቅሎ የሚያወጣው፣ በሹል ብረት ብቻ የሚወጋው አይደለም፣ የሚወጋው አፈሩን ይበልጥ ይጠቀጥቀዋል። ሜሪላንድ አፈራችን ሸክላማ ነው፣ ልጆች ሲሮጡበት ይጠጥራል፣ ውሃ አይገባም፣ ስለዚህ ያ ቀዳዳ የግድ ነው። ሁለቴ አቋርጠው ሄዱበት፣ የወጣውን ጥቅል እዛው ተዉት፣ በዝናብ ይፈርሳልና መተውም አለበት፣ ግቢው ለጥቂት ሳምንት የውሻ ነገር የተበተነበት መምሰሉን ብቻ ቻሉት። ቅጠሉን ያነሱት በባትሪ ብሎወር ነው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2025 ጀምሮ የቤንዚኑን ብሎወር መጠቀም ስለከለከለ፣ እና ቅዳሜ ጠዋት ያ ጩኸት መቅረቱ ለኔ የዓመቱ ምርጥ ዜና ነው።

የሚያናድደው ጊዜው ነው። እዚህ ሜሪላንድ የሚዘራው ሣር ቶል ፌስኪው ነው፣ እሱ ደግሞ አፈሩ ሞቅ ብሎ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚወደው፣ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው ጊዜው። እኔ ለራሴ የያዝኩት ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ብዬ ነው፣ ልክ ይመጣል። ኦገስት ላይ ተመዝግቤ፣ ከፍዬ፣ "በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ሳምንት" እያሉ የመጡት ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል ነው። የበቀለው ስስ ነው፣ ያውም ቅጠል ወድቆበት። ዘግይተው የሚዘሩት ዘር ሥር ሳይሰድ ውርጭ ይደርስበታል፣ ይሄን እነሱ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ግን ሁሉም ሰው ሴፕቴምበርን ስለሚፈልግ ከአቅማቸው በላይ ይመዘግባሉ። ስልክ ላይ የምታነሳው ልጅ ትሁት ናት፣ "ይቅርታ ማም" ትላለች፣ ቀን ግን አትሰጥም።

ሁለተኛው ቅሬታ ዘሩ ነው። ከረጢቱን ሳየው ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘር ሳይሆን ሽፋን ነው፣ በሰማያዊ የተለበጠው ዘር ማለት ነው። ይሄ ማጭበርበር አይባልም ከረጢቱ ጀርባ ይጻፋል፣ ኢነርት ማተር በሚለው መስመር ላይ፣ ግን ለአንድ ሺህ ስኩዌር ፊት አምስት ፓውንድ ዘር ሰጠን ሲሏችሁ ግማሹ ሽፋን ከሆነ እውነተኛው ዘር ሁለት ተኩል ነው። ስትገዙም ስትቀጥሩም እዛች መለያ ላይ አራት ነገር እዩ፦ የዘሩን ዓይነት፣ የአረም ዘሩን መቶኛ፣ የመብቀል መጠኑንና የተፈተነበትን ቀን። አንዩዋል ራይግራስ የሚል ካለ መልሱት፣ ቶሎ ይበቅላል ደስ ይላል ግን ዓመት አይዘልቅም።

ከዛ ደግሞ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ "ዊንተራይዘር" የሚሉትን ማዳበሪያ ልንጨምርልሽ ብለው ኢሜይል ላኩ። የሜሪላንድ ሕግ የቤት ባለቤት ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ሣር ላይ ማዳበሪያ እንዳይበትን ይከለክላል፣ ከ2013 ጀምሮ፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሣሩ ብዙም ስለማይወስደው በዝናብ ታጥቦ ቼሳፒክ ቤይ ይገባል። በኛ አቆጣጠር ህዳር 6 ነው፣ ከህዳር ቁስቋም በፊት ያልበተናችሁትን ተዉት። ለባለሙያዎች ትንሽ የተለየ ቀን አላቸው፣ እስከ ዲሴምበር 1፣ በተቀነሰ መጠን፣ ስለዚህ ሕግ ጣሱ አልልም፣ ግን ለዛ ስስ ሣር አያስፈልገውም፣ አልከፈልኩም።

ቅጠል ማንሳቱንም በክፍያ ጨምረውት ነበር፣ እሱን ደግሞ ሰረዝኩት። በሣር ማጨጃው ሁለቴ ብትሄዱበት ይደቅና ራሱ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ሣሩ ከላይ እስከታየ ድረስ ችግር የለውም፣ ወፍራም ሆኖ ከተኛ ብቻ ነው የሚያፍነው። አዲሱ ቡቃያ ላይ ግን ማጨጃ ሳይሆን በቀስታ መጥረግ ነው። አባቴ ቅጠሉን አይቶ "ህዳር ሲታጠን አታቃጥሉትም?" አለ፣ ጎረቤቶቼ እሳት አደጋ እንደሚጠሩ ነገርኩት።

በሚቀጥለው ዓመት ካምፓኒውን ለዘር አልቀጥርም። ማሽኑን ከሆም ዲፖ ለግማሽ ቀን መከራየት ይቻላል፣ ከባድ ነው፣ ፒክ አፕና ሁለት ጠንካራ ሰው ይፈልጋል፣ ግን ጎረቤት ያለነው ሦስት ሐበሻ ቤቶች ተካፍለን በአንድ ጠዋት ልንጨርሰው ተነጋግረናል፣ ዘሩን እኔ እመርጣለሁ፣ ቁርሱ በተራ ነው። ፒክ አፕ ያለው ሰው ብቻ ነው የቀረን።